የማይበቃ መረጃ

ሰው አፉን ለመክፈት ስንት መረጃ ይበቃዋል? እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ዝናብ እየደበደበው «ዘነበ ለማለት ገና ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። በአርባ ዓመቴ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ልዘጋጅ ወሎ ሰፈር የማጠናከሪያ ትምህርት ገባሁ። መምህሩ ጠየቀን፦ አንድ ሙሉ ቁጥር ከሦስት ይበልጣል? አንደኛ መረጃ፣ ከሁለት ይበልጣል። ሁለተኛ መረጃ፣ ከስድስት ያንሳል። ሁለቱ መረጃዎች ለመመለስ ይበቃሉ ወይስ አይበቁም?

«ይበቃል!» አለ ክፍሉ።

«አይበቃም፤ ራሱ ሦስት ቢሆንስ?» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ? አጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት ክንዷ በልዞ መጣች። «ወደቅኩ» አለች። ባሏ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ስልኳን ተቀብሎ ይፈትሻል። ሁለቱን መረጃዎች አገናዘብኩ። ሰው መውደቅም ይወድቃላ! አይበቃም ብዬ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰናይት ቀረች። እናቷ ከል ለብሰው ደብተሯን ሊወስዱ መጡ።

«ከደረጃ ወድቃ ነው አለን ባሏ» አሉኝ።

ያየሁትን ሁሉ ያኔ ነገርኳቸው። ደብተሩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እኮ ለቅሶው ላይ አይዞህ እያልኩ እንባውን ስጠርግለት ነው የሰነበትኩት።»