ደጀ ሰላሙ ፊት የምትጠፋው መኪናዬ

መኪና አለኝ ስላችሁ ደግሞ ሀብታም እንዳልመስላችሁ። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ናፍጣ የምትጠጣ አሮጌ መኪና ናት። አንዴ ከሞቀች ማንም አይችላትም። ጠዋት ግን፣ ያውም የእንጦጦ ብርድ ጉለሌ ድረስ ወርዶ አጥንት ሲሰረስር፣ ሌላ ፍጡር ናት። ትነሳለች፤ ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ካነሳሁ ጸጥ!

እግርህን አታንሳ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ከቤቴ ትንሽ ወረድ እንዳልኩ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚህ ሰፈር አድጎ ሳያማትብ የሚያልፍ ክርስቲያን አይታችኋል? እኔም ቀስ እላለሁ፤ ፍሪሲዮን ረግጬ ነዳጁን እለቃለሁ፤ «በስመ አብ» እላለሁ። «ወወልድ» ላይ ሳልደርስ ሞተሩ ይጠፋል።

በየጠዋቱ! እዚያው በሩ ፊት! ከዚያ ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ መኪናዋንም የሸጠልኝንም ሰውዬ በለሆሳስ እረግማለሁ። ከውጭ ለሚያየኝ ግን አንገቴን ደፍቻለሁ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ምን እመስላለሁ? በቃ፣ ጻድቅ!

በየጠዋቱ ከሚያዩኝ አንዱ ጋሽ በላቸው ናቸው። የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጡረተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሮማን አባት። ሮማን ማን ናት? ምን እደብቃችኋለሁ፣ ካላገባኋት የምሞት የሚመስለኝ ልጅ ናት። አባቷ ጥብቅ ሰው ናቸውና ሽማግሌ ስልክ እሺ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። እሳቸው ግን ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ኑ እንኳ ሳይሉ፣ በየጠዋቱ ቆሞ ሳይሳለም የማያልፍ ልጅ ነው፣ ሰጥቻለሁ ብለው መለሷቸው። ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ?

እዚህ ላይ መኪናዋን ብተዋት ምን ነበረበት? ሙሽራ ይዤ መንገድ ላይ ብትጠፋስ ብዬ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ጀመርኩ። አዲሱ ገበያ ያገኘሁት መካኒክ ባትሪው ነው አለ። ተቀየረ፤ ጠፋች። ዊንጌት ያለው ደግሞ ሞተሩን ጠዋት የሚያሞቀው ካንዴሌታ ነው፣ ተቃጥሏል አለ። አራቱም ተቀየሩ፤ ጠፋች። ሦስተኛው ነዳጅ ሳይሰጣት የምትሠራበትን ዙር ከፍ አደረገና ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ስትጮህ ዋለች። ጠዋት? ጠፋች።

በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ መካኒክ ጠዋት እንደቀዘቀዘች ቤቴ መጥቶ የናፍጣውን የጎማ ቱቦ በጣቱ ዳበሰ። ተሰንጥቋል። ሲበርደው ይከፈትና አየር ይስባል፤ ሲሞቅ ይገጥማል። ክንድ የማትሞላ ቱቦ ቀየረ። አለቀ።

በማግሥቱ በሩ ጋ አማተብኩ፤ እስከ «አሜን» ዘለቅኩ፤ ሞተሩ ይሠራል! ደስታዬን አትጠይቁኝ። እያፏጨሁ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረድኩ። በመስታወት ሳይ ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አራት ቀን እንዲህ አለፍኳቸው። በአምስተኛው ሮማን ደወለች። አባቷ፣ የሚሳለመው ልጅቷን እስኪያገኝ ነበር እንዴ፣ እስቲ ነገሩን እንደገና እንየው ብለዋል አለችኝ።

ክው አልኩ። እውነቱን ብናገር አስመሳይ ነኝ፤ ባልናገር ከዳተኛ። የመጣው ይምጣ ብዬ ቤታቸው ሄድኩና ጭሱን፣ ባትሪውን፣ ቱቦውን፣ እርግማኑን ሳይቀር ዘከዘክሁት።

ጋሽ በላቸው እስክጨርስ ሰሙኝና ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የናፍጣ መካኒክ ነበርኩ። ቱቦህ አየር እንደሚስብ በመጀመሪያው ቀን ከጭሱ አውቄዋለሁ። እንደገና እንየው ያልኩትም አንተው ራስህ እውነቱን ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ።

እኔስ ከምን ሥራ ጡረታ እንደወጡ መች ጠይቄ አውቃለሁ!

«ታዲያ ያን ሁሉ ጋራዥ ስዞር ምነው ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«እግዜር ሲያሻው በቱቦም ያቆማል። ብነግርህ ኖሮ ትቆም ነበር?»

ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ስደርስ ጤነኛውን ሞተር በገዛ እጄ አጠፋለሁ። ጋሽ በላቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?» ይሉኛል።

«እንጃ ጋሼ፣ ብርዱ ነው መሰለኝ» እላቸዋለሁ።