ዳማና የማለዳው ቀንድ

ፈረስ መግራት እንደ ጦርነት ነው ያለኝ ሰው አለ። ውሸቱን ነው። የሚዋጋ ሰው አንዳንዴ ያርፋል።

እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የጀመርኩት። ከቡሬ ምሽግ የወጣው የጣልያን ጦር ሲመለስ፥ ጀርባው ገጥቦ መራመድ ያቃተውን አንድ ዳማ ፈረስ ማንኩሳ አጠገብ ረግረግ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ጅብ ሳይቀድመኝ ጎትቼ አወጣሁት። ቁስሉን አጥቤ ቅቤ ቀባሁት።

አጎቴ አያ ዓለሙ ሲያዩት ደስ አላቸው። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ጠላት ሲመጣ ጉብታው ላይ ያለው ጠባቂ ቀንድ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ጫካ ይገባል። እሳቸው ጫካው የሚደርሱት ሌላው ሊመለስ ሲል ነው። እስካሁን የተረፉት በሚካኤል ቸርነት እንጂ በእግራቸው አይደለም።

ችግሩ፥ ዳማ ቀንድ ሲሰማ ያብዳል። የምሽጉ ጥሩምባ ምን እንዳሳየው እግዜር ይወቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? አያ ዓለሙም ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ቀንድ እየተነፋ ቆሞ ካላስፈናጠጠኝ ምን ያደርግልኛል? እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልተገራ ለጅቡ እመልሰዋለሁ። የሚተርፍ ገብስ የለኝም።»

አገራሩን ላስረዳችሁ። ከኋላው አትምጡ፤ ትከሻው ጋ ቁሙ። ልባቡን አስራችሁ ገመዱን ያዙ። ሲሸሽ አብራችሁ ዙሩ፤ ሲቆም ወዲያው ገመዱን አላሉ። የሚያስተምረው እፎይታው ነው እንጂ ዱላው አይደለም። ቀጥሎ ባዶ ስልቻ ጀርባው ላይ ማሻሸት። ቀንዱ መጨረሻ ይመጣል፤ መጀመሪያ ከሩቅ፥ በነጋታው ቀረብ ብሎ። ከቆመ አንድ እፍኝ ገብስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቀንድ ተውሼ በማለዳ ብነፋ፥ መንደሩ በሙሉ ተነቅሎ ወንዝ ተሻገረ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ዶሯቸውን ታቅፈው፥ እስከ ወገባቸው ርሰው ተመለሱ። «አንተ ልጅ! ለአንድ ገጣባ ብለህ እኛን ውኃ ትነክረናለህ?» አሉኝ። በየቤቱ እየዞርኩ፥ የማለዳው ቀንድ የኔ ነው፥ አትደንግጡ፥ አልኩ።

በሳምንቱ የሮጠው ግማሹ ነው። በወሩ ማንም አልሮጠ። እትዬ ጥሩዬ ከቤታቸው ሳይወጡ «ገብሱን ስጠውና አሳርፈን!» ይሉኛል።

ዳማስ? በመጀመሪያው ቀን እንደ ሸሸ በአርባኛውም ቀን ሸሸ። ገብሱን እያኘከ ሸሸ። መዳፌ በገመድ ተላጠ። እኔ ልሸሽ ምንም አልቀረኝም።

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ጠዋት አያ ዓለሙ «ራሴ ልየው» ብለው ተፈናጠጡ። ደክሞኝ ስለነበር አልከለከልኳቸውም። ቀንዱን ወደ አፌ ሳስጠጋ፥ ቀንድ ተነፋ።

እኔ ግን ገና አልነፋሁም። ከጉብታው ነው!

መንደሩ ጭጭ። አንድ በር አልተከፈተም። «ኧረ ውጡ! የእውነት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ገብሱን ስጠው!» አሉ እትዬ ጥሩዬ ከውስጥ።

ዳማ ብቻ ሰማ። ገመዱን ከእጄ መንጥቆ፥ አያ ዓለሙን እንደ ተሸከመ ወደ ወንዙ ነጎደ። አጎቴ ጋማውን አቅፈው «ኧረ በሚካኤል! ሊፈጀኝ ነው!» ይላሉ። ይህን ጊዜ በሩ ሁሉ ተከፈተ። ለቀንድ ያልወጣ ሰው ለአያ ዓለሙ ወጣ። ሊያስጥላቸው እየተጯጯኸ ተከተለ፤ ወንዙን ተሻገረ፤ ጫካ ገባ። ዞር ስንል ለጣልያን ያደሩት ባንዶች የጎጇችንን ክዳን እየለኮሱ ነው። ውስጡ ግን ሰው አልነበረም።

አያ ዓለሙ ሾላ ሥር ወርደው ጠበቁን። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፥ በኩታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገብስ ፈተው ለዳማ ሰጡት።

«እሱ እኮ አልተማረም» አልኳቸው።

«ስላልተማረ ነው የሰጠሁት።»

እትዬ ጥሩዬ የቀሚሳቸውን ውኃ እየጨመቁ ጭሱን አዩ፤ ፈረሱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እኛስ» አሉ፥ «ይህን ያህል ስንማርልህ አንድ እፍኝ ገብስ ነፈግኸን?»