በሰባተኛው አልጋ ስፌት ምክንያት እትዬ አዝራር ሐሙስ አልሄድም ስላሉ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የድራማው አዲስ ክፍል በታየ ማግስት
ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡10፣ ማሽኖቹ ለምሳ እንደቆሙ
ቦታ፦ ስፌት ቤታችን፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ (የተዘረጋው የዩኒፎርም ጨርቅ ላይ ክርን የሚያሳርፍ ሰው ወየውለት ተብሏል)

የተገኙ፦
1. ጋሼ መቀስ፣ ጨርቅ ቆራጭ፣ ሰብሳቢ
2. እትዬ አዝራር፣ ቁልፍ ተካይ፣ የጉዳዩ ባለቤት
3. ጥድፊያ፣ የኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ሠራተኛ፣ አባል
4. መርማሪው፣ በር ጠባቂ፣ አባል (ስሙ የወጣለት ረቡዕ ረቡዕ ከሚያየው የወንጀል ድራማ ነው)
5. እኔ፣ ልብስ ተኳሿ፣ ፀሐፊ

ያልተገኙ፦ አሠሪያችን። ምክንያት፦ አልተጠሩም።

ከስድስት ሰው አምስቱ በመገኘታችን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰው ሾልኮ እንዳይጓደልም መርማሪው በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ክሩ

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስረድተዋል። እትዬ አዝራር ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ። ባለፈው ሳምንት ሕመሙ ተነሥቶባቸው ማሽኑ ሥር ተንበርክከው ሁላችንንም አስደንግጠዋል። ለሐሙስ ጠዋት የቀዶ ጥገና ወረፋ ያገኙት አራት ወር ጠብቀው ነው፤ ከቀሩ እንደገና ከሰልፉ ጭራ ሊቆሙ ነው። ሆኖም ትናንት በምሳ ሰዓት የሆስፒታሉን ድራማ አዲስ ክፍል ካየን ወዲህ «ቢገድሉኝ አልሄድም» ብለዋል።

እትዬ አዝራር በበኩላቸው፣ የድራማው ሐኪም የሰባተኛውን አልጋ በሽተኛ ሆድ ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን ሳይቋጥር ሲቆርጠው በዓይናቸው በብረቱ ማየታቸውን ገልጸዋል። «ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ተክያለሁ። ያልተቋጠረ ክር የት እንደሚደርስ እኔን ጠይቁኝ። ሸሚዝ ሲሆን ቁልፍ ይወድቃል። ሆድ ሲሆን ምን ሊወድቅ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ክፍሉ ያለቀውም የልብ ምት የሚያሳየው መሣሪያ ጢ…ት እያለ፣ ሰባተኛው አልጋ ይንቃ አይንቃ ሳይታወቅ መሆኑ ነገሩን አባብሶታል።

ጥድፊያ፣ ድራማ መሆኑን፣ ሆዱም ፕላስቲክ መሆኑን ልታስረዳ ሞክራለች። እትዬ አዝራር «አይ ልጄ! ታዲያ ትናንት በእኔ ሻርፕ አፍንጫዋን ስትጠርግ የነበረችው ማን ናት?» ሲሏት ሐሳቧን ስባለች።

ሰብሳቢው ነገሩን ማብረድ ሲገባቸው፣ ስፌቱ በጣም የተራራቀ እንደነበርና እንደዚያ የሚሰፋ ሰው እሳቸው ዘንድ ቢመጣ የትራስ ልብስ እንኳ እንደማያሰፉት በመናገር አቀጣጥለውታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌና ከክር ጋር ለሆስፒታሉ እንዲላክ፣ የሐሙሱ ሐኪምም ናሙና ሰፍተው እንዲመልሱ ተወስኗል። በጨርቁ ቀለም ላይ ብዙ ተጨቃጭቀን ነጭ አሸንፏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጆሮ

ይህን አጀንዳ ያስያዘው መርማሪው ነው። ሰኞ ሆድ የሚሰፋው ሐኪምና ረቡዕ በወንጀሉ ድራማ አከራዩን አንቆ የገደለው ሰውዬ አንድ ሰው ናቸው ሲል ከሷል። ማስረጃ ቢጠየቅ ጆሮ ጠቅሷል። «ጢሙን ይላጭ፣ መነጽር ያድርግ፤ ጆሮውን የት ይጥለዋል? ያው ጆሮ ነው!»

ጥድፊያ አንድ ተዋናይ ሁለት ቦታ ሊሠራ እንደሚችል ተናግራለች። «ይችላላ! ረቡዕ ይገድላል፣ ሰኞ ነጭ ለብሶ ይሰፋል። ማን ይጠረጥረዋል?» ሲል መልሷል። ጥድፊያም «አንተ እኮ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳ አሻራ ካልሰጠህ አትገባም ብለህ አዋርደኸናል» ስትለው፣ ከአጀንዳ ውጭ ነሽ ተብላ ተቀምጣለች። ስትቀመጥም «እውነት ሲነገር ከአጀንዳ ውጭ ነው» ማለቷ እንዲመዘገብላት ጠይቃለች፤ ተመዝግቧል።

ሐሙስ መርማሪው አብሮ ሄዶ የሐኪሙን ጆሮ እንዲያይ፣ ሐኪሙ ጭንብል ካጠለቁም ከኋላ ዞሮ እንዲያይ በሦስት ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ቴሌቪዥኑን ስለ መዝጋት

ጥድፊያ ትዕግሥቷ አልቆ፣ የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ ቴሌቪዥኑ ስለሆነ እትዬ አዝራር ድነው እስኪመለሱ ድራማ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይታይ ጠይቃለች። ሐሳቡ በአራት ድምፅ አልፏል። ከአራቱ አንዷ ፀሐፊዋ ስትሆን እጇን ያነሣችው እየከፋት ነው።

እትዬ አዝራር «ሰባተኛው አልጋ ሳይነቃ? እናንተ አንጀት የላችሁም?» ብለው ጮኸዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስንስቅ ስለሚስቁ ቀልድ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል ብለዋል። «ፈርቻለሁ። እኔ ሥራዬን የማስረክበው መብራት ሥር አገላብጬ አይቼ ነው። ሐሙስ ግን ራሴን የማስረክበው ተኝቼ ነው። ማን እንደሰፋኝ፣ እንዴት እንደሰፋኝ አላይም።»

በዚያች ደቂቃ መርማሪው እንኳ ማንንም አልጠረጠረም።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ

ሰብሳቢው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ተነሥተው ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው አውጥተዋል። ጥድፊያ «ኧረ ጋሼ!» በማለት ተቃውሞ ያሰማች ቢሆንም ፊቷን አላዞረችም። ሰብሳቢው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትርፍ አንጀታቸው የወጣው እትዬ አዝራር ወረፋ በያዙበት በዚያው ሆስፒታል መሆኑን ገልጸው «ናሙና አይደል የፈለግሽው? ይኸውልሽ» ብለዋል።

እትዬ አዝራር መነጽራቸውን አድርገው የመቁረጫው መብራት ዝቅ እንዲል አዘዋል። ጠባሳውን በሜትር ለክተዋል። ስፌቱን አንድ በአንድ ቆጥረዋል። ይፈታ እንደሆነ ለማየት ከግራና ከቀኝ ሳብ ሳብ ሲያደርጉት ሰብሳቢው መኮርኮሩን ስላልቻሉት ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።

ቀጥሎ የተሰጠው የባለሙያ አስተያየት ይህ ነው፦ «ርቀቱ እኩል ነው። አልተጨማደደም። መስመሩም አልጠመመም። ይሄ ሰውዬ ቋጥሯል።»

በዚህ መካከል አሠሪያችን በራሳቸው ቁልፍ በሩን ከፍተው ገብተዋል። ሰብሳቢው ሸሚዛቸውን ሽቅብ እንደያዙ «ልክ እየተወሰደ ነው፣ እመቤቴ» ብለዋል።

«ለምኑ?» ሲሉ አሠሪያችን ጠይቀዋል።

«ለሐሙስ» ብለው የመለሱት እትዬ አዝራር ናቸው። «እሄዳለሁ። የሰኞውን ክፍል ያለ እኔ ያየ ሰው ካለ ግን፣ ስፌቴ ይፈታ እንጂ ተነሥቼ እመጣበታለሁ።»

ጥድፊያ እልል ብላ ጠረጴዛው ላይ ወጥታለች። ስለ ጨርቁ ማንም አላስታወሳትም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ጨርቅ አይላክም። የማንም ጆሮ ከፊትም ከኋላም አይታይም። ቴሌቪዥኑ አይዘጋም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁላችንም ሆስፒታል ሄደን አዲሱን ክፍል በእትዬ አዝራር አልጋ ዙሪያ እናያለን፤ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን መኖሩን ሰብሳቢው ከልምዳቸው አረጋግጠዋል። አሠሪያችን የምሳውን እረፍት በአንድ ሰዓት ያራዘሙ ሲሆን፣ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ለእሳቸውም ወንበር እንዲያዝ ብቻ ነው። መርማሪው ድምፅ ከመስጠት ተቆጥቧል።

ስብሰባው 7፡05 ላይ አብቅቷል። የሰብሳቢው ሸሚዝ እስከዚያች ደቂቃ ወደ ሱሪው አልተመለሰም፤ እትዬ አዝራር አንድ ጊዜ ደግመው ማየት ፈልገው ነበር።