ሲስተርን አሸዋው ላይ ትቼ ዲመካ የገባሁ ዕለት

ወገን፣ ዛሬ ሰው ጠፋብኝ!

ስልክ አይደለም። ቁልፍ አይደለም። ሙሉ ሰው! ያውም ነርስ! ከሞተሬ ላይ!

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ልንገራችሁ፤ ዲመካ ገበያ ላይ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸኝ ሰው አለና።

ለማታውቁኝ፣ ዳኒ ነኝ፤ ጂንካ ውስጥ በሞተር ሰው አመላልሳለሁ። ሚስቴ ታደለች ትባላለች። ልጃችን ቤዛ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ገብታለች። የዛሬው ጉድ ሥሩ እሷው ጋ ነው።

ባለፈው ወር ቤዛን ትምህርት ቤት ላደርስ ከፊቴ አስቀምጬ ወጣሁ። ስለ ኳስ እያሰብኩ ነበር መሰለኝ። "አባባ፣ ትምህርት ቤቱ አለፈ" ስትለኝ ነዳጅ ማደያው ጋ ደርሰናል።

በማግስቱ ደገምኩት!

በሦስተኛው ቀን ታደለች የቤዛን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "ካንተ ጋር በሞተር? ሞቼ ነው ቆሜ!"

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በእግር ይሄዳሉ፤ እኔ በሞተር አልፋቸዋለሁ። ቤዛ እጇን ታውለበልብልኛለች። ያማል፣ እውነቴን ነው።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ሞተር ተራ ላይ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ማርታ ፎርሟን ይዛ ብቅ አለች። የሞተር ሹፌሮችን ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ትኩረት ትጠይቃለች። ከታደለች ጋር አንድ ኳየር ውስጥ ነው የሚዘምሩት።

ወዲያው ሐሳብ መጣልኝ!

"ሲስተር፣ ጤነኛ መሆኔን ለታደለች ንገሪልኝ። አንቺን ታምንሻለች።"

"መጀመሪያ እኔ ልመን እንጂ!" አለችኝ። "ዲመካ ነው የምሄደው፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይረፍድብኛል። ውሰደኝ፤ መንገድ ላይ እጠይቅሃለሁ። በሰላም ካደረስከኝ ደውዬ እነግራታለሁ።"

በሰላም ካደረስከኝ! ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ገና ሳንነሳ ጀመረች። "ጫት ትቅማለህ?"

"እኔ? በጭራሽ!"

ጓደኞቼ ለምን በሳቅ እንደወደቁ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጥርሴ አረንጓዴ ነበር። ጉንጬም ገና አልጎደለም።

እኛ ሹፌሮች "ጫት ትኩረት ይሰጣል" እንላለን። ይሰጣል! ችግሩ አንተ በፈለግከው ነገር ላይ አለመሆኑ ነው። እኔ ስመረቅን የመንገድ ዳር ግራሩን ቅጠል በቅጠል ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፤ መንገዱን ግን አትጠይቁኝ።

ተነሳን። ቀይ አፈር ከተማን ስናልፍ ምርቃናው ጣሪያ ነካ። ዓለም የኔ ሆነች! በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው ስለ ጥንቃቄ አስረዳታለሁ።

"ቀስ በል!" ትለኛለች።

"ቀስ እያልኩ ነው!" እላለሁ፣ አይሱዙ እየቀደምኩ።

ከዚያ አቋራጭ ታየኝ። አቋራጭ ማን ጠየቀኝ? ማንም! ገባሁበት።

አቋራጩ ላይ ደረቅ ወንዝ አለ፣ ሙሉ አሸዋ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይሻገራል፣ ሹፌሩ ሞተሩን ብቻውን ያሻግርና ማዶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሲስተር ወረደች። ቦርሳዋን እኔ ከፊቴ ያዝኩላት።

"ጥያቄ ስምንት" አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች። "ማዶ ትመልስልኛለህ። ሰው ሲያናግርህ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ይሄዳል?"

ተሻገርኩ። ቆሜም ጠበቅኳት! ይህ ይመዝገብልኝ።

ግን ከወዲያ በኩል አንድ የሞተር ጓደኛዬ መጣ። ስለ ትናንቱ ጨዋታ ተጨቃጨቅን። ፔናሊቲ ነበር ይላል፣ አልነበረም እላለሁ። ሲሰናበተኝ የሞተሬን የኋላ ወንበር በእጁ መታ መታ አድርጎ "ቻው!" አለኝና ሄደ።

እኔ ሲስተር የተቀመጠች መሰለኝ።

ማርሽ አስገባሁ። ነካሁት!

ጥያቄ ስምንትንም በሙሉ ድምፄ መለስኩ። "ሲስተር፣ እኔ ሰው ሲያናግረኝ ሙሉ ልቤ እሱ ጋ ነው!" ዝም አለች። አሳመንኳት ብዬ ደስ አለኝ።

ቀጠልኩ። ልጅ ሆኜ አስተማሪዬ "አካልህ እዚህ፣ ልብህ ገበያ" ይለኝ እንደነበር አጫወትኳት። ሠላሳ ጊዜ ሥራ ጀምሬ ሠላሳውንም እንደተውኩ። ቤዛ ከመንገድ ዳር እጇን ስታውለበልብልኝ ሆዴ እንደሚባባ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እንባዬ መጣ።

ሲስተር ጭጭ። እሷም እያለቀሰች መሰለኝ!

ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ ጮሁብኝ። ምን ዓይነት ጥሩ ሕዝብ ነው ብዬ ክላክስ ነፋሁላቸው።

ዲመካ ገባሁ። ገበያው ጢም ብሏል። ፍየል መሸጫው ጋ አቁሜ "ደርሰናል ሲስተር! እና እንዴት ነው፣ አለፍኩ?" አልኩ።

ፍየሎቹን በገመድ የያዘ አንድ የሐመር ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ከማን ጋር ነው ወሬ? ኋላ ሰው የለም!"

ዞርኩ።

ወንበር ብቻ!

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ስልኳ ላይ ደወልኩ። እዚሁ ከፊቴ፣ ቦርሳው ውስጥ ጮኸ!

ውሃዋም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አሸዋ ላይ፣ ያለ ስልክና ያለ ውሃ ነው የተውኳት። ምርቃናዬ በአንዴ በነነ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሞተሩን አዙሬ ልወጣ ስል ፍየል የጫነ አይሱዙ ገባ። ከላይ፣ በፍየሎቹ መሃል፣ ሲስተር ማርታ ቆማለች።

ወረደች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በጮኸችብኝ! ቦርሳዋን ተቀበለችኝ፣ ውሃዋን ጠጣች፣ ፎርሟን አወጣች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

"ጥያቄ ስምንት" አለችኝ። "ሰው ሲያናግርህ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ይሄዳል?"

"ሁልጊዜ" አልኩ።

"ጫትስ?"

"በየቀኑ።"

ጻፈችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዳኒ፣ ይሄ የሐሳብህ መበተን ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ የኖረ ሊሆን ይችላል። በባለሙያ የሚታይ ነው፣ አያሳፍርም። ሰኞ ጤና ጣቢያ ና። ቅጠሉ ግን እያባባሰብህ ነው።"

"ለታደለች ትደውያለሽ?"

"አንተ ደውል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጮኼ መኪና አስቆምኩ። ቤዛ ብትሆን ማንን ታስቆም ነበር?"

 

እዚያው ገበያ መሃል ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ የጥርሴን ጭምር። ታደለች ታሪኩ አይሱዙው ጋ ሲደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ "እውነቱን ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ" አለችኝ። "ልጄን ግን በሞተር አልሰጥህም።"

ልክ ናት።

ሲስተር በሚኒባስ ተመለሰች፤ ምን ትሁን! እኔ ብቻዬን ስመለስ በየመታጠፊያው ዞር እያልኩ ባዶውን ወንበር አየሁ።

ቤት ስገባ ቤዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። እናቷ ነግራታለች።

"አባባ፣ ሰው ረሳህ? እኔንም ትረሳኛለህ?"

ዛሬ የበቃኝን ያህል ዋሽቻለሁ። "በሞተር ከሆነ ልረሳሽ እችላለሁ" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "በእግር እንሂድ በቃ። እጅህን እኔ እይዝሃለሁ፣ አትጠፋም።"

ሹፌር ወንድሞቼ፣ እስቲ አሁን ዞር በሉ። ኋላችሁ የጫናችሁት ሰው አሁንም አለ?

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ጂንካ ላይ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አንድ ትልቅ ሰውዬ እየጎተተች ብታዩ፣ ሰውዬው እኔ ነኝ። እባካችሁ ቆማችሁ ሰላም አትበሉኝ፤ ትምህርት ቤቱን ባልፈው ማን ይመልሰኛል?