አክስቴ ሌዘር ቤት የገቡ ዕለት

በየቤተሰቡ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ሌላው ዝም ብሎ ይፈርማል፣ ዝም ብሎ ይውጣል፤ ጠያቂው ግን መጀመሪያ መነጽሩን ይፈልጋል። የእኛ ቤት ጠያቂ ክብርት አክስቴ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኛን ይዘው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ሹፌሩን ፍሬኑ መቼ እንደታየ ይጠይቁታል። ለአንዳችን መድኃኒት ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ከመስኮቱ አይነሱም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሲያጉረመርም፣ "ብጠይቅ ምን ይቀርብኛል?" ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ብጉር ጉንጬ ላይ ትቶት የሄደውን ጥቋቁር ነጠብጣብ በሌዘር ላስጠፋ አንድ የውበት ሳሎን ቀጠሮ ያዝኩ። የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው፤ ያ ማለት ለእትዬ ነገርኩ ማለት ነው። በሰዓቱ ስደርስ ቦርሳቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጅ አልጋው ላይ አስተኛችኝ። እትዬ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ሥራውን የት እንደተማረች፣ ሐኪም አይቶኝ እንደሆነ፣ እንደኔ ጠየም ያለ ፊት ላይ ስንት ጊዜ እንደሠራች ጠየቋት። ማሽኑ ለሁሉም አንድ ነው አለች። የዓይን መከላከያስ ቢሏት፣ ከጨፈነች ይበቃታል አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እኔ አዲስ ጨርቅ ላይ ካውያ ሳሳርፍ እንኳ መጀመሪያ ቁራጩ ላይ እሞክራለሁ" አሉ እትዬ። "የልጄን ፊት ሳትሞክሪ ልትጀምሪ ነው?"

ከዚያ ወደኔ ዞረው የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቁኝ። ነበረኝ፤ ለብጉሩ የታዘዘልኝን እንክብል ገና አልጨረስኩም። ልጅቷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ስናገር ልጅቷ የማሽኑን እጀታ መልሳ አስቀመጠች። እትዬ ጫማዬን አንስተው እግሬ ስር አደረጉልኝ።

"ተነሺ፣ እንሂድ።"

ቤት እስክንደርስ አኩርፌ ከፊታቸው ቀድሜ ሄድኩ።

በሳምንቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጉንጬን በማጉያ መነጽር ካየ በኋላ፣ እንክብሉ ቆዳዬን ለብርሃን ስስ እንደሚያደርገው፣ ማሽኑም በቆዳዬ ልክ ካልተስተካከለ አቃጥሎኝ ከበፊቱ የባሰ ጠባሳ ሊተውልኝ ይችል እንደነበር ነገረኝ። መድኃኒቱን እንድጨርስና ከፀሐይ እንድጠበቅ አዘዘኝ፤ ከወራት በኋላ አገጬ ስር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ እንደሚያይም ነገረኝ። እትዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ልንወጣ ስንል የእትዬ ሻርፕ ሸርተት አለና፣ ሐኪሙ ለዓመታት የሚሸፍኑትን አንገታቸው ላይ ያለ ቡናማ ምልክት አየ። ከፈለጉ እሱም በሌዘር ሊደበዝዝ ይችላል፣ ቀጠሮ ልያዝልዎ አላቸው። እትዬ እንደ ልጃገረድ አንገታቸውን ደፉ። እሺ አሉ። የስምምነት ወረቀቱን ተቀብለው አንድ መስመር ሳያነቡ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አነሱ።

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠይቁ የኖሩት ለእኛ ነው። ለራሳቸው ሲሆን አፍ የላቸውም።

ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩት። የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ነገርኩት። ምልክቱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲመረምርልን፣ ማሽኑን ማን እንደሚይዝ፣ ዓይናቸው በምን እንደሚሸፈን ጠየቅኩት። እትዬ እጅጌዬን ሳብ አደረጉት።

"ተይ ልጄ፣ ሰውዬውን አታስቸግሪው" አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፍኩ።