ዘጠኝ ሰው ቆጣሪው አማቻችን

በየቤተሰቡ አንድ ፈሪ አለ። የለብንም የሚል ቤተሰብ ካጋጠማችሁ፣ ሁሉም ፈሪዎች ሆነው እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ ነው። የእኛ ቤት ፈሪ የእህቴ ባል ነው፤ ክቡር አማቻችን።

ክቡር አማቻችን ውሻ ይፈራሉ። ውሻ ስላችሁ ጥርሱ የረገፈውን የጎረቤታችንን ሽማግሌ ውሻ ማለቴ ነው፤ እሱን ላለማግኘት ሰፈሩን በሙሉ ዞረው በጀርባ በኩል ይገባሉ። መሰላልም ይፈራሉ። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው እህቴ ናት፤ እሳቸው የወንበሩን እግር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከታች "ቀስ! ቀስ በይ!" ይላሉ። ለክትባት የሄዱ ዕለት ደግሞ ነርሷ ገና ጥጡን ስታነሳ እሳቸው ወለሉ ላይ ነበሩ።

አንቱታው ይብቃኝ፣ በዕድሜ ታናሼ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው አስተናጋጅ ነው። አንድ ቀን ዓሣ አዝዞ ሥጋ መጣለት።

"ንገረው እንጂ!" አልኩት።

"ግድ የለም፣ እሱም ምግብ ነው" አለና እየተናነቀው ጨረሰው።

ታዲያ የዚህ ሰው ሥራ ምን ይመስላችኋል? ወታደር ነው። የድሮን አብራሪ። የሚሠራበት ክፍል ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ሹራቡን ደርቦ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ጦርነት ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል።

ይህ ነገር ለአባቴ ፈጽሞ አልዋጥላቸው ብሏል። አባቴ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ግራ እግራቸውን ያነክሳሉ፤ የጀግንነት ሜዳሊያቸው ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። "በእኛ ጊዜ ጥይት ይሄድም ይመጣም ነበር" ይላሉ። "የዚህ ልጅ ግን ይሄዳል እንጂ አይመጣም። ቢበዛ ወገቡን ቢያመው ነው።" እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሳቄን አልቆጥብም ነበር።

አማቻችን ሌላም አመል አለው፤ ሰው ይቆጥራል። ምግብ ሲቀርብ፣ ፎቶ ስንነሳ፣ ከመኪና ስንወርድ በጣቱ እየጠቆመ ከንፈሩን ያነቃንቅና "ሁላችንም አለን?" ይላል። ዘጠኝ ነን፤ የትም አንሄድም። በእህቴ ልደት ቀን ለቀልድ ብዬ መጋረጃ ጀርባ ተደበቅኩ። ስምንት ላይ ቆመ። ደግሞ ቆጠረ። አሁንም ስምንት። "ዘጠኝ!" ብዬ ስወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሳህኑን አስቀምጦ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። እኛም ስንስቅ ዋልን።

ባለፈው ወር ደብዳቤ ደረሰው። በጠላት የተከበቡ አሥራ ስምንት ወታደሮችን ስላተረፈ የጀግንነት ሜዳሊያ ሊሸለም ነው፤ መቀበሉን እስከ ሰኞ ፈርሞ እንዲያሳውቅ። እህቴ እሑድ ምሳ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ለጀግንነት? ወንበር ላይ ተቀምጦ?"

"አባባ፣ ይተዉ እንጂ!" አለች እህቴ።

"ልጠይቀው ተዪኝ። ጠላት አንተን ሊያገኝህ ይችል ነበር?"

"አይችልም ነበር አባባ።"

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጀግንነቱ?"

"እኔም እሱን ነው የማስበው።"

እኔ ምን ሲደረግ ዝም እላለሁ! "ሜዳሊያው መርፌ አለው፤ ሳይወድቅ ካስወጋ ይገባዋል" አልኩ። ከእሱ በቀር ሁሉም ሳቀ።

አባቴ ግን አልለቀቁትም። "እሺ፣ ከተኮስክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?"

"እቆያለሁ።"

"የት ነው የምትቆየው?"

"እዚያው በላያቸው። አቧራው እስኪወርድ በድሮኑ ካሜራ እያየሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ እቆጥርና ሪፖርት እጽፋለሁ።" የውኃ ብርጭቆውን ይዞ አዞረው። "የመታሁት መኪና ላይ ስድስት የታጠቁ ሰዎች አሉ ተብዬ ነበር። ይሄ ደብዳቤም የሞቱት ስድስት ናቸው ይላል። እኔ ግን የቆጠርኩት ሰባት ነው። ሪፖርቴ ላይም ሰባት ብያለሁ። ሰባተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም አባባ። መሣሪያ አልያዘም። ሹራብ ለብሷል።"

እኔ ያ መጋረጃ ትዝ አለኝና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

"እኛ ተኩሰን እንሮጥ ነበር" አሉ አባቴ። "ዞር ብዬ ያየሁበት ቀን የለም። ሜዳሊያውን ደረቴ ላይ ሲያደርጉልኝም ስንት ነበሩ ብዬ አልጠየቅኩም።" ቀጥለውም፣ "አሁን ምን ልታደርግ ነው?" አሉት።

"ቁጥሩን አስተካክሉ ብዬ እጽፋለሁ። ሰባት ካላሉ አልቀበልም።"

ይህን የሚለው፣ አስተናጋጅን "ዓሣ ነው ያዘዝኩት" ማለት ያቃተው ሰው ነው። የሚጽፈውም ለጄኔራሎች ነው።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ራሱ ሊያደርስ ተነሳ። አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁት፤ "አብሬህ ነኝ" አሉት። የአባቴ እግር ሰፈሩን ዞሮ መሄድ ስለማይችል በአቋራጩ፣ በውሻው በኩል ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው። አማቻችን የአባቴን ክንድ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ማን ማንን እንደደገፈ እኔ አልፈርድም።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቁጥሩ አይለወጥም፤ ሽልማቱም ቀርቷል። አማቻችን አነበበው፣ አጠፈው፣ "ግድ የለም" አለ።

ለድሮን አብራሪዎች የጀግንነት ሜዳሊያ ይገባል ወይስ አይገባም ብትሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ስለ እሱ ግን ከጠየቃችሁኝ ያን ወሬኛ አፌን ይዤ ዝም እላለሁ። እወደዋለሁ፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ምሳ ቀረበ። ጣቱን አንስቶ መቁጠር ሲጀምር አባቴ ማንኪያቸውን መልሰው አስቀመጡና ጠበቁት። እኔ መጋረጃው አጠገብ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ራመድ ብዬ፣ በደንብ እንዲያየኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩለት።

"ዘጠኝ" አለና ተቀመጠ። እኛም መብላት ጀመርን።