ቦሰና እግሯን አላወረደችም

መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እዚህ ቤይሩት በሚቆጠረው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997፣ ማክሰኞ። በዚህ ዕለት ለአንድ የሞተር ብስክሌት ክለብ ጸሐፊ የጀመርኩት ደብዳቤ አንድ መስመር ተኩል ላይ ቆሟል። የቆመው የ“አገጭ” ፈረንሳይኛ ጠፍቶኝ ነው። ቃሉን ካገኘሁት ሰባት ወር አለፈ።

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ ከሦስቱ አንዷ “ምን አላት” ናት። ምን አላት የምላት፣ አይታው የማታውቀውን ነገር ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ “ምን አላት!” ብላ እጅጌዋን የምትሰበስበዋን ሴት ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም የምትል ካለች፣ ምናልባት ራሷ ናት።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቦሰና ይልቃል ትባል ነበር። የጓደኛችንን የዝናሽን ፀጉር “ምን አላት!” ብላ ቆረጠችላት፤ ዝናሽ እስከ ፋሲካ ሻሽ አስራ ከረመች። የማዳሜን ማቀዝቀዣ “ምን አላት!” ብላ ጠገነችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይጠፋል። ሲዘጋ ይበራል ትላለች ዝናሽ። ማረጋገጥ ስላልቻልኩ አልመዘገብኩትም።

መመዝገብ ሥራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ፣ አሽራፊዬ ሰፈር የሰው ቤት እሠራለሁ፤ የሴቶች ማኅበራችንን መዝገብ የምይዘውም እኔ ነኝ። ማን መቼ መጣች፣ ከየትኛው ቤት ወጣች፣ ማን አረፈች። በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዷ ሁለት የስም ቦታ አለ፤ አንዱ እናቷ ያወጣችላት፣ ሌላው ማዳሟ ያወጣችላት። ቦሰናን የመጀመሪያዋ ማዳም ስሟ ከበዳትና “ሶፊ” አለቻት። ፓስፖርቷ እዚያው ቤት ቀርቶ ወጣች። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር “ቦሰና” የሚል አንድም ወረቀት አልነበራትም።

እዚያ ቤት በገባች ሳምንት ማዳሟ “ራበሽ?” ስትላት፣ እንደ አገሯ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ አገጯንና ቅንድቧን ሽቅብ አነሣች። ለእኛ ይህ “አዎ” ነው። ለቤይሩት ሰው ግን አገጭ ሽቅብ ከሄደ “የለም” ነው። ማዳሟ ሳህኑን አነሣች። ቦሰና ሁለት ቀን ጦሟን አደረች። ይህን ስታጫውተኝ ሥቄ፣ “አንቺ ደግሞ፣ አፍ የለሽም?” ብያታለሁ። ይህም ይመዝገብልኝ።

ኋላ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ከሐጅ ሱለይማን ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች። የሐጁ ሞተር ነጂ ድንገት ሥራውን ለቀቀ።

“ሞተር ትችያለሽ?” አላት።

“ምን አላት!”

የተማረችው አስፋልት ላይ አይደለም። ሁለት ክንድ በማይዘረጋበት መተላለፊያ፣ በደረጃ፣ በፍሳሽ ላይ ነው። እዚያ እግር ማውረድ ክልክል ነው፤ እግር ከወረደ ጭቃ ይረጫል፣ ጭቃ ከተረጨ ከኋላ የታሰረው የተተኮሰ አንሶላ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል። ቦሰና በሁለት ዓመት አንድ አንሶላ አላስመለሰችም።

ከቤይሩት በላይ ባለ አንድ የተራራ መንደር የሞተር ክለብ ውድድር እንዳለ የሰማው ሐጁ ነው። “ፍጥነት አይደለም፣ ያኒ” አላት። “በድንጋይና በጅረት መሐል በገመድ የተከለለ መንገድ አለ፤ እግር ሳያወርዱ ማለፍ ነው። እግር በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ፣ ከወደቁ አምስት። ነጥቡ ያነሰ ያሸንፋል። እስከ ሦስተኛ የወጣ ስሙ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።”

“ስሙ?” አለች ቦሰና።

“ስሙ።”

“ምን አላት!”

እሑድ መስከረም 18 በሐጁ የጭነት መኪና፣ ሞተሩን ከኋላ አስረን ወጣን። ምዝገባው ላይ የተቀመጠው ሰው “ስም?” ሲል ሐጁ ፈጥኖ “ሶፊ” አለ።

“ኸላስ፣ በቃ፣ ሐጅ! ሶፊ አንሶላ ታድርስ። እኔ ቦሰና ነኝ። ቦ፣ ሰ፣ ና። ሸዋረገድ፣ ፊደሉን ንገሪው እንጂ!”

ሦስት ጊዜ ነገርኩት። “የደም ዓይነት?” አለ ቀጥሎ።

“ቀይ” አለችው።

ሠላሳ አንድ ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጫማ አጥልቀዋል። ቦሰና የዝናሽን ሸራ ጫማ ተጫምታለች። ከኋላዋ አራት የተተኮሱ ነጭ አንሶላዎች አስራለች።

“ማዳም፣ ይህ ምንድን ነው?” አላት አንዱ ዳኛ።

“አንሶላ ነው። ከኋላዬ ከሌለ እግሬ ይባልጋል።”

ተጀመረ! ስምንት መሰናክል ነው፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። አንደኛው፣ ዜሮ። ሁለተኛው፣ ዜሮ! ወንዶቹ ማጨሳቸውን ትተው መጡ። ሦስተኛው ላይ ከነሞተሯ ወደቀች፤ አንሶላውን ግን በክንዷ ወደ ላይ ይዛው ነበር። አምስት። አራተኛው አንድ፣ አምስተኛው አንድ። ሐጁ “ያላ፣ ሶፊ! ያላ፣ ቦሰና!” እያለ ሁለቱንም ስም ይጮኻል።

ስድስተኛው ጅረት ነው። ውኃው ውስጥ ገባች፣ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ሞተሩ አጓራ፣ ጭቃው ተነሥቶ የዳኛውን መነጽር ሸፈነው። ሲጠርገው እሷ ወጥታ ሄዳለች። ዞር ብሎ አየኝ።

“ማድሞዛል፣ እግሯ ነካ?”

ነክቷል። ግራ እግሯ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ሁለት ጊዜ። አይቻለሁ፤ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ፤ አገጬ ሽቅብ ሄደ። ወደ ሰባተኛው ሮጥኩ።

ሰባተኛው ሁለት፣ ስምንተኛው ዜሮ። ውጤቱ ሲነበብ አራተኛው ሰው ዐሥር ነጥብ ነበረው። ከሱ በፊት ሦስተኛ ሆኖ የተጠራው ስም ግን፣ በዘጠኝ ነጥብ፣ “ቡሴና!” ነው። እልል ያልኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ሐጁ እየዘለለ መጥቶ መጀመሪያ ያየው አንሶላውን ነው። “ወላሂ፣ ንጹሕ!”

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ደብተሬን ደመርኩ። ዐሥራ አንድ መጣብኝ። ደግሜ ደመርኩና ነገርኳት።

“ዳኛው ሲጠይቅሽ በአፍሽ ነው የመለስሽለት?”

“በአገጬ።”

እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። “አንቺ ደግሞ፣ አፍ የለሽም?” አለችኝ። ከዚያ ሣቋ ቆመ። “እንግዲያ አራተኛ ነኝ።”

“አራተኛ ነሽ። ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ፣ ቦሲዬ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ “ምን አላት” አላለችም። የተሰጣትን የምስክር ወረቀት አውጥታ ስሟን አንዴ አነበበችና ወደ ፕላስቲክ ከረጢቱ መለሰችው።

መስከረም 28 ረቡዕ ትኩሳት ያዛት፤ መስከረም 30 ዓርብ አረፈች። ለቀብሯ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ሲጠየቅ ክፍሏን ፈተሽን። አልጋዋ ሥር ከነከረጢቱ ያገኘነው እሱን ብቻ ነው። መቃብሯ ላይ ያለው ስም ከዚያ የተገለበጠ ነው፤ ፊደሉ አንድም አልተሳሳተም።

በያዝኩት መዝገብ ሁሉ እያወቅሁ የተውኩት ስሕተት ይህ ሦስተኛነቷ ብቻ ነው። እንዳይታረም የምፈልገውም።

ከመታመሟ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ መስከረም 24፣ አሽራፊዬ አንሶላ ልታደርስ መጥታ በጓሮ በር ጠራችኝ። ከእሑድ በቀር መውጣት ስለማልችል ፖስታና ቴምብር እንድትገዛልኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

“ምን አላት!” ብላ ሄደች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ በበሩ ክፍተት አቀበለችኝ፤ ማዳሜ እየጠራችኝ ስለነበር ሳላየው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያየሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። ቴምብሩን ለጥፋዋለች። የክለቡን አድራሻ ይዛው ከምትዞረው የምስክር ወረቀቷ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጣ ጽፋዋለች። ላኪ በሚጻፍበት ጥግ ላይ ደግሞ፣ በአማርኛ፣ በደንብ ተጭና፣ “ቦሰና ይልቃል” ብላለች።